የቪአር መነፅር ሲያቅለሸልሽ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቪአር መነፅር (ዓይን ላይ ታስሮ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የገባን የሚያስመስለው መሣሪያ) እና ስለሚያመጣው ማዞር የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ቆሜ ስጫወት ደህና ነኝ። ጨዋታው ውስጥ መራመድ ስጀምር ግን ወዲያው ያዞረኛል። ለምን?

መልስ፦ ዓይንህ ስትሄድ ያያል፤ ውስጠኛው ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ክፍል ግን ምንም እንቅስቃሴ አይሰማውም። አእምሮ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ማቅለሽለሹና ላቡ ይመጣል። መኪና ውስጥ ስልክ ስናነብ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ያኔ ጆሮ መሄዳችንን ያውቃል፣ ዓይን ግን የቆመ ጽሑፍ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጨዋታውን ሴቲንግ ክፈት። እየተንሸራተቱ መሄዱን ተወውና «ቴሌፖርት»ን ምረጥ። የምትሄድበትን ቦታ ትጠቁማለህ፣ እዚያው ትገኛለህ። መዞሩንም «ስናፕ ተርን» አድርገው፤ ብዙ ጊዜ በ30 ወይም በ45 ዲግሪ ቆረጥ እያደረገ ያዞርሃል። አብዛኛውን ሰው የሚረብሸው ቀስ እያለ የሚዞረው ነው። ስትንቀሳቀስ የእይታህን ዳር የሚያጨልም «ቪኔት» ካለም አብራው። የመንቀሳቀስ ስሜቱ በብዛት የሚመጣው ከዓይን ዳር ስለሆነ ጥሩ እገዛ ያደርጋል። ሲለምድህ ታጠፋዋለህ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ቻዪው፣ ይለቅሻል» ይሉኛል። ልታገሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍፁም! ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ይሄንን ነው። ሰውነት ይለምዳል፣ እውነት ነው። የሚለምደው ግን ደህና ሆኖ ጀምሮ ደህና ሆኖ ሲያቆም ነው። እስኪያስመልስሽ ከገፋሽበት ልምዱ ተቃራኒ ይሆናል፤ በኋላ መነፅሩን ስታነሺው ብቻ ሆድሽ ሊገለባበጥ ይችላል።

ምልክቶቹን እወቂያቸው። ፊት ይሞቃል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ያዛጋል፣ ያልባል። አንዱ እንደታየ ዓይንሽን ጨፍነሽ መነፅሩን አውልቂ። ተቀመጪ፣ ራቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ተመልከቺ፣ ውሃ ጠጪ። ሙሉ በሙሉ ሳይለቅሽ አትመለሺበት። ስትጀምሪ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ትጨምሪያለሽ። እንደ ቢት ሴበር ባሉ ጨዋታዎች ጀምሪ፤ አንቺ ቦታሽ ላይ ቆመሽ ኩቦቹ ናቸው ወደ አንቺ የሚመጡት። ሮለር ኮስተርና የበረራ ጨዋታ ይቆይ። ጓደኞችሽ ቢያሳዩሽም ይቆይ።

ጥያቄ፦ ስልክ የሚገባበት ርካሽ መነፅር አለኝ። ሁልጊዜ ራሴን ያመኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ ድክመት አይደለም። ጎግል በ2014 ካርድቦርድን ካወጣ ወዲህ የመጡት የዚህ ዓይነት መነፅሮች የሚከታተሉት የራስን መዞር ብቻ ነው። ወደ ፊት ብታዘነብል ወይም አንድ እርምጃ ብትሄድ አያውቁም፤ የምታየው ዓለም አብሮህ ይንቀሳቀሳል። ሴቲንግ አያስተካክለውም። ተቀምጠህ፣ ካሜራው ቆሞ የተቀረፀ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ብቻ እይበት።

ጥያቄ፦ ምስሉ ይደበዝዝብኛል፣ ዓይኔንም ይጫነኛል።

መልስ፦ የሌንሶቹ ርቀት ከዓይኖችህ ርቀት ጋር ላይገጥም ይችላል። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ለአዋቂ በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰው ግን ይለያያል። መነፅር ቤት ይለኩልሃል፣ ወይም በመስታወትና በማስመሪያ ራስህ ለካ። የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ) ቪአር መነፅር የሆነው ክዌስት 2 ሦስት የሌንስ ርቀት ማቆሚያ አለው፦ 58፣ 63 እና 68። ክዌስት 3 ላይ በሚዞር ጎማ ታስተካክላለህ። ማሰሪያውንም ምስሉ እስኪጠራ ከፍ ዝቅ አድርገው። የዓይን መነፅር የምታደርግ ከሆነ አታውልቀው።

ጥያቄ፦ ከኮምፒውተር በዋይፋይ ስጫወት ይብስብኛል።

መልስ፦ ራስህን ስታዞር ምስሉ ዘግይቶ እየደረሰ ነው። ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ብዙ ሰው ይሰማዋል። የግራፊክስ ጥራቱን ቀንስና ምስሉ ሳይቆራረጥ በሰከንድ 72 ወይም 90 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲሄድ አድርግ። ለእኔ ከውበቱ ይልቅ አለመቆራረጡ ይበልጣል። ኬብል ካለህ በኬብል ይሁን።

ጥያቄ፦ ዝንጅብል ይረዳል? መድኃኒትስ?

መልስ፦ ዝንጅብል ለአንዳንድ ሰው ያግዛል፣ ሻዩን ቀደም ብላችሁ ጠጡ። ፊት ለፊት የሚነፍስ ቬንትሌተርም ደስ ይላል፤ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ የቱ ጋ እንደቆማችሁም ይጠቁማችኋል። የጉዞ ማስታወክን የሚከላከሉት ክኒኖች ያስተኛሉ፤ ለጨዋታ ብላችሁ ባትለምዷቸው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የክዌስት መነፅር ካልተገዛልኝ እያለ ያስጨንቀኛል።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ትንሽ ያቆዩት። ሜታ ራሱ የሚፈቅደው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ያውም እስከ 12 ዓመት በወላጅ ቁጥጥር ባለ አካውንት። ሲደርስ አጠገቡ ይሁኑ፤ ልጆች ሲያማቸው ጨዋታው እንዳይቀርባቸው ብለው ይደብቃሉ።

ጥያቄ፦ ተጫውቼ ወዲያው መኪና ብነዳስ?

መልስ፦ አይሆንም። መነፅሩ ከወለቀ በኋላም ማዞሩ ሊቆይ ይችላል። ጨርሶ እስኪለቅህ ጠብቅ፤ ከቸኮልክ ሌላ ሰው ይንዳ።