በ28 ዓመታችሁ «አለፈኝ» ለምትሉ

ልጆቼ፣ «ሙያ ልቀይር ነበር፣ ግን አለፈኝ» የሚለው ነገራችሁ ያሳስበኛል። ገና 30 እንኳ አልሞላችሁም! ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስና በቅሎ ሳክም የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ መልሴም የፈረሰኛ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አንድሬ ዡሶም ይባላል። በ1894 የተወለደ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። የሚወዳደረው በድሬሳዥ ነበር። እዚህ አጥር መዝለል የለም፣ ሽምጥ መጋለብም የለም። ፈረሱ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ልክ በታዘዘበት ቦታ ይሸጋገራል፣ በጎን ይራመዳል፣ ባለበት ይዞራል፤ ጋላቢው ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ትእዛዙ የሚተላለፈው በእግር ንክኪ፣ በወገብና ልጓም በያዙት ጣቶች ነው። ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ስዊድናዊው ቤርቲል ሳንድስትሮም ፈረሱን በምላሱ ድምፅ አበረታቷል ተብሎ ከሁለተኛነት ወደ መጨረሻ ወረደ። እሱ ግን «ኮርቻው ነው የተንቋቋው» ብሎ ተከራክሯል።

ዡሶም የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያውን፣ የቡድን ወርቅ፣ ያገኘው እዚያው ነው። 38 ዓመቱ ነበር። በ1936 በርሊን የቡድን ብር ጨመረ። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ የ1940ና የ1944 ኦሎምፒክም ቀሩ። በ1948 ለንደን ላይ ሃርፓጎን የተባለውን ፈረስ ይዞ ሲመለስ 54 ሞልቶታል፤ በግል ብር ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ፣ በዚያው ፈረስ፣ በ58 ዓመቱ ነሐስ!

በመሃል ያሉትን 12 ዓመታት አስቡልኝ። የድሬሳዥ ፈረስ ጀርባውና የኋላ እግሮቹ የሚጠነክሩት በዓመታት ሥራ ነው፤ ያለ ጊዜው የተቸኮለበት ጅማቱ ይጎዳል፣ አፉ በልጓም ይደነድናል። እንዲህ የተበላሹ ስንት ፈረሶች እጄ ላይ መጥተዋል። እናንተም የጀመራችሁትን ሙያ በሁለት ዓመት ፍሬ አላየሁበትም ብላችሁ አትጣሉት። መሠረቱን በየቀኑ ሥሩ፣ ማንም ባያያችሁም።

አንድ የማልደብቃችሁ ነገር አለ። በ1948 በቡድን ያሸነፈችው ስዊድን ነበረች። ሆኖም ከወታደር ወገን መወዳደር የሚችለው መኮንን ብቻ ስለነበር፣ የበታች ሹም የነበረው ዬናል ፔርሶን ለውድድሩ ሲባል መኮንን ተደርጎ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞ ማዕረጉ መለሱት። ይህ ሲታወቅ የስዊድን ቡድን በ1949 ውጤቱ ተሰረዘ፣ ወርቁም ለእነ ዡሶም ተሰጠ። በእኔ እምነት ይህ ሕግ ነውር ነበር፤ ፈረሱ እንደሆነ የጋላቢውን ማዕረግ አያውቅም። ነገ አለቃ ስትሆኑ ሰውን በችሎታው ብቻ መዝኑት፣ አደራ።

በ1952 በሩ ለበታች ሹሞችም ለሴቶችም ተከፈተ። ፔርሶን ተመልሶ ከስዊድን ቡድን ጋር ወርቅ ወሰደ። በግል ውድድር ደግሞ ዡሶምን ቀድማ ብር ያገኘችው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ናት፤ በ1944 ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ፈረስ ላይ የምትወጣው በሰው እርዳታ ነበር። የእሷ ታሪክ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው «አለፈኝ» ያላችሁት ሙያ ምን እንደሆነ ንገሩኝ።