ለወንድማችሁ የሞተር መስሪያ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሰሞኑን ሁለት ሶስት ሰው ደውሎ "እቤት አይሱዙ አለችን፣ ሞተሯ ሊወርድ (ተፈትቶ ሊታደስ) ነው፣ ከዚህ ምን ዕቃ ልላክ?" አለኝ። እኔ ዳላስ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ስሰራ 15 ዓመት ሆነኝ፣ ለሁሉም በየተራ ከማወራ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ እኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ኤንፒአር የሚባል አይሱዙ የጭነት መኪና አለው። ያን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳን በማይሞላ ከፍታ ላይ ናት፣ ከዛ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ዋሻው ጋ ሲደርስ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ያውም ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ። እዛ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ በ100 ዲግሪ አይደለም የሚፈላው፣ 90 አካባቢ ላይ ነው፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈላል። ሞተሩ በተደጋጋሚ ሲፈላ ከረመና ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተጣመመ፣ ሰማያዊ ጭስም ጀመረ፣ በቃ ይውረድ ተባለ። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚን (ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ስስ ልባስ)፣ ጋስኬት ሁሉም አዲስ ተገዛ፣ ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ። አራት ወር ሳይሞላው መንኳኳት ጀመረ። ሲከፈት የአንዱ ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚን ቀልጦ ክራንኩን በልቶታል።

ክራንኩን በምን ነበር የለካችሁት ብዬ ስጠይቅ በጥፍር ዳሰስነው ለስላሳ ነበር አሉኝ። ብሎኑንስ በምን አጠበቃችሁት? በመፍቻና በቧንቧ። መካኒኩ እኮ ጎበዝ ሰው ነው፣ ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ያውቃል፣ እጁን አልንቅም። ግን 0.05 ሚሊሜትር የሚባል ነገር በጥፍር አይታወቅም፣ ብሮንዚን ደግሞ የሚኖረውም የሚሞተውም ከክራንኩ ጋር ባለው በዛች ክፍተት ነው። አጥብቦ ከያዘ ዘይት አይገባም፣ ሰፍቶ ከያዘ የዘይት ግፊት ይወርዳል። እኔ የመለዋወጫ ብር ስልክላቸው መለኪያ መላክ ትዝ አላለኝም ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ብራችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ መለኪያ ግዙ። ከ50 እስከ 75 እና ከ75 እስከ 100 ሚሊሜትር የሚለኩ ሁለት ማይክሮሜትሮች፣ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነቡ። ለሲሊንደር የውስጥ ስፋት ከ50 እስከ 160 ሚሊሜትር የሚለካ ቦር ጌጅ አለ፣ 4ኤችኤፍ1 የሚባለው የአይሱዙ ሞተር ሲሊንደር 112 ነው፣ 4ኤችጂ1 115፣ የሲኖትራኩ (የቻይናው ከባድ መኪና) ሞተር ደብሊውዲ615 ደግሞ 126፣ ሁሉንም አንዱ ጌጅ ይችላቸዋል። ያገለገለ ሚቱቶዮ ማይክሮሜትር ካገኛችሁ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል፣ እኔ ጡረታ ከወጣ ቶርኖ ሰራተኛ ነው የገዛሁት፣ ስትገዙ ግን ዜሮ ማስተካከያ ዘንጓ አብራ መኖሯን እዩ፣ እሷ ከሌለች ትክክል ይለካ አይለካ ማረጋገጥ አትችሉም፣ በስሙ የተመሳሰለ ዕቃም ስለሚሸጥ ዋጋው ሲበዛ ከረከሰ ተጠራጠሩ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ስላለ ክራንኩና ማይክሮሜትሩ አንድ ቤት ውስጥ አድረው ነው መለካት ያለባቸው፣ ብረት በብርድ ይቀንሳላ።

ቦር ጌጅ ከበዛባችሁም ይህቺን ግን አትተዉ፣ ፕላስቲጌጅ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ ፕላስቲክ አለ። ዘይቱን ጠርገህ ክራንኩና ብሮንዚኑ መሃል ታስቀምጠዋለህ፣ ክዳኑን በልኩ ታጠብቃለህ፣ ክራንኩን ሳታዞር ትፈታለህ፣ ከዛ የተጨፈለቀውን ስፋት ማሸጊያው ላይ ካለው ሚዛን ጋር ታስተያያለህ። አረንጓዴው ከ0.025 እስከ 0.076፣ ቀዩ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ይለካል፣ ሁለቱንም ላኩ፣ ክብደትም የለው ዋጋም የለው። ለቴስታታው ደግሞ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ይበቃል፣ ማስመሪያውን አጋድሞ ከስር ፊለር መክተት ነው፣ የጣርማበር መንገድ መኪና ይሄ ሳይታይ ቴስታታው መታሰር የለበትም።

ቀጥሎ ቶርክ ሬንች፣ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ መፍቻ ማለት ነው። ለኤንፒአር ግማሽ ኢንች የሆነ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚደርስ አብዛኛውን ስራ ይሰራል፣ ለሲኖትራክ ግን የክራንክ ክዳን ብሎኑ ከዛ በላይ ስለሚፈልግ ባለ ሶስት አራተኛ ኢንች ትልቁ ያስፈልጋል። በጣም ውዱ አያስፈልግም፣ መካከለኛ የሆነ ጠቅ የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን አያያዙን ንገሯቸው፣ በሱ ብሎን አይፈታም፣ ሲቀመጥ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ተመልሶ ነው፣ ከመለኪያው የታችኛው ጫፍ ላይም አትመኑት። አንዳንድ ሞተር ብሎኑ መጨረሻ ላይ በዲግሪ ስለሚጠብቅ የማዕዘን መለኪያዋን ጨምሩ፣ ትንሽ ነገር ናት።

ሶኬት ሚሊሜትር ይሁን ባካችሁ። አይሱዙም ሲኖትራክም ሁሉ ነገራቸው ሚሊሜትር ነው፣ እዚህ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ርካሽ ብላችሁ የምታነሱት ስብስብ ግማሹ ኢንች ሆኖ ኪሎ ብቻ ይሆንባችኋል። ባለ ስድስት ማዕዘን ምረጡ፣ ባለ 12ቱ የዛገ ብሎን ራስ ይልጣል። በኢምፓክት (እየመታ በሚፈታው ማሽን) የሚፈታ ከሆነ ጥቁሩ ወፍራሙ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ይሰነጠቅና ሰው ይጎዳል። ኮምፕሬሽን መለኪያ ከላካችሁ የናፍጣ መሆኑን አረጋግጡ፣ የቤንዚኑ ብዙውን ጊዜ 300 ፒኤስአይ ላይ ነው የሚያልቀው፣ የናፍጣ ሞተር ያንን ያልፈዋል።

ከዚህ የማይላከው ደግሞ ክሪክ፣ ፕሬስ፣ ሞተር ማንሻ። የሞተር ማቆሚያውን ደብረ ብርሃን ብየዳ ቤት በአንግል ብረት ይሰሩታል፣ ተራ መፍቻና መዶሻ መርካቶ ሞልቷል፣ ክራንክ መሞረድ ለሬክቲፊካ ቤት ነው፣ ማንም ቤቱ አይሰራውም። ሲሞረድ 0.25 ወይ 0.50 ሚሊሜትር ስለሚቀነስ ብሮንዚኑ የሚገዛው ከሞረዱት በኋላ ነው፣ አስቀድማችሁ ከዚህ ገዝታችሁ እንዳትልኩ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከስራል።

በኤሌክትሪክ የሚሰራ የአሜሪካ ዕቃም ይቅር፣ የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፣ የ110 ቮልት ድሪል ሰክተው አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ያቃጠሉ አውቃለሁ። መብራትም ስለሚጠፋ የባትሪ ኢምፓክት ይሻላል፣ ቻርጀሩ ብቻ 220 የሚቀበል መሆኑን ጀርባውን አንብቡ። ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይጫንም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ 100 ዋት አወር ካለፈ ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። 18 ቮልት 5 አምፒር አወር ሲባዛ 90 ስለሆነ ያልፋል፣ ባለ 6ቱ 108 ነው። መፍቻና ሬንች በተቃራኒው ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ስለሆነ ብረቱን ለሁለት ክፈሉት፣ ማይክሮሜትሩን በልብስ ጠቅልሉት፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

ዕቃውን ለጋራዡ ሳይሆን ለባለ መኪናው ስጡ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይሁን። "አንዴ አውሰኝ" ተብሎ የወጣ ማይክሮሜትር ተጣሞ ነው የሚመለሰው። ወንድሜን ማይክሮሜትር ማንበብ በቴሌግራም ቪዲዮ ነው ያስተማርኩት፣ ሁለት ምሽት ፈጀብን፣ አሁን እሱ ለጎረቤቶቹም ይለካላቸዋል፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ልጆች ካሉ ደግሞ ከሱም በፍጥነት ይይዙታል።

አንድ ብር ሳታወጡ ግን ዛሬውኑ ደውሉና ሞተሩ ብሎክ ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አስነሱ። በመኪናው ዓመተ ምህረት አትግዙ፣ ብዙዎቹ አይሱዙዎች ሞተራቸው ተቀይሯል፣ የወንድሜም 4ኤችኤፍ1 ነው ሲባል ኖሮ ስንከፍተው 4ኤችጂ1 ሆኖ ነው የተገኘው።