የማን ልጅ ነህ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? 26 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲፈርስ ገላን ጉራ ገባን፤ ለሥራ ግን በየቀኑ አራት ኪሎ እመላለሳለሁ። አባቴና እናቴ ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። የአባቴን ቋንቋ እሰማለሁ እንጂ መመለስ ያቅተኛል። ቢሮ ውስጥ «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የአራዳ ልጅ» ብዬ እቀልዳለሁ። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ይነሳኛል። በቅርቡ ደግሞ ጸበል ቦታ ካህኑ «ስመ ክርስትናህ?» ሲሉኝ ጠፋብኝና ለእናቴ ደወልኩ። ሌላ ቤት ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም፣ ሌላ እምነት ይኖረኝ ነበር። ታዲያ እኔ ማን ነኝ? እምነቴስ የራሴ ነው ወይስ የቤተሰቤ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ፣ የስልኩ ነገር አሳቀኝ፤ ይቅርታ። ብቻህን ግን አይደለህም። በማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ እሁድ ወረቀት አድዬ «ስመ ክርስትናችሁን ጻፉ» አልኳቸው። አንዷ «ወለተ» (በግዕዝ «የእገሌ ሴት ልጅ» እንደ ማለት ነው) ብላ ጽፋ ቀሪውን ባዶ ትታ መለሰችልኝ። የማን እንደሆነች ጠፍቶባታል ማለት ነው። ያንተም ጥያቄ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አንተ «ማን ነኝ?» ትላለህ። ያሳደጉህ የሰፈር እናቶች ግን እንደዚህ ጠይቀውህ አያውቁም። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚሉት። መስኮት የሰበርክ ቀንም፣ ዳቦ የተላክ ቀንም ጥያቄው ያው ነው።

በመጽሐፍም አለ። ዳዊት የጎልያድን ራስ በእጁ ይዞ ሳኦል ፊት ቀረበ። ንጉሡ «አንተ ብላቴና፥ የማን ልጅ ነህ?» አለው (1ኛ ሳሙ. 17፥58)። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ራስ ከፍ አድርጎ ማንነቱን ይናገር ነበር። ዳዊት የአባቱን ስም ጠራ፤ የቤተ ልሔማዊው የእሴይ ልጅ ነኝ አለ። የሚገርመው ምዕራፍ 16 ላይ ዳዊት በሳኦል ቤት በገና ሲደረድር እናገኘዋለን። ታዲያ ንጉሡ እንዴት አላወቀውም? በዚህ ላይ ብዙ ተብሏል። እኔ በገና የሚመታለትን ልጅ ቢያውቅም የማን ልጅ እንደሆነ ልብ ብሎ አያውቅም ነበር ብል ደስ ይለኛል። በየቀኑ የምናየውን ሰው እንዲህ ነው የምናውቀው።

አሁን ወደ ብሔሩ ጥያቄ ልምጣ። ቤት፣ ቋንቋ፣ ሰፈር፣ የኖርክበት ዘመን ሁሉ ይሠሩሃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትክድም፤ ወላጆቻችሁን እርሷቸው ብላም አታውቅም። ሰፈርህን ራሱን እየው። አራዳ ነበር የሚባለው። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ሲወጣ «ፒያሳ» የሚለውን ቃል ትቶልን ሄደ። ዛሬ ያ ቃል የጠላት ነው ብሎ የሚያፍርበት አለ? የእኛ አድርገነዋል። «አራዳ»ም አልጠፋም፤ ይኸው አንተ ትቀልድበታለህ።

ቅዱስ ጳውሎስን ደግሞ ተመልከት። ኢየሩሳሌም ላይ ተይዞ ሻለቃው ማንነቱን ሲጠይቀው፣ አይሁዳዊ ነኝ፣ የጠርሴስ ሰው ነኝ፣ ስሙ ያልታወቀ ከተማ ሰውም አይደለሁም አለ (ሐዋ. 21፥39)። በከተማው ይኮራል እኮ! ስለዚህ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ብትል የምታፍርበት ነገር የለም። የአባትህን ቋንቋ ብትማርም ደስ ይለኛል፤ አያትህን በቋንቋቸው ሰላም ብትላቸው ትልቅ ምርቃት ታገኛለህ። ይኸው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ግን ዘሩን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ከብንያም ወገን፣ ከዕብራውያን ዕብራዊ። ቆጥሮ ሲያበቃ ስለ ክርስቶስ እንደ ጉዳት ቆጥሬዋለሁ አለ። የጠርሴስ ሰውነቱን አልካደም። የሚድንበት ግን አላደረገውም። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ዘር የሚቆጥር ሰው የቆመበትን ቦታ ረስቷል።

የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። እምነቴ የራሴ ነው ወይስ የቤተሰቤ?

የተጠመቅህበትን ቀን አስብ። ወንድ ነህና በ40 ቀንህ ነው፤ ሴት ብትሆን በ80 ነበር። ያኔ መናገር አትችልም። የክርስትና አባትህ አቅፎህ ወደ ምዕራብ ዞረና ስለ አንተ ሰይጣንን ካደ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደግሞ ስለ አንተ አመነ። ከውኃው ስትወጣ ካህኑ 36 ቦታ ሜሮን ቀባህ፤ ማተብ አሰረልህ፤ ስም ሰጠህ። አንተ ያደረግከው ማልቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነትህን ነው፤ እምነትህን ተቀበልክ እንጂ አልፈጠርክም። አማርኛህንም እንደዚሁ። ሲወለድ ቋንቋውን መርጦ የተወለደ አላየሁም፤ አማርኛህ ግን ያንተ አይደለም የሚልህ ማነው? የምታስበው፣ የምትቆጣው፣ የምታፈቅረው በእሱ ነው። የተሰጠህን ነገር ስትኖርበት ነው የራስህ የሚሆነው።

ሌላ ቤት ብወለድስ ላልከው፣ እኔ የዚያን ሰው መንገድ አላውቅም። እግዚአብሔር እርሱንም የሚጠራበት መንገድ አያጣም። አንተ የምትጠየቀው ግን በተጠራህበት ነው። ያኔ የክርስትና አባትህ በአንተ ፈንታ መልሷል። በ26 ዓመትህ ግን ራስህ የምትመልስበት ጊዜ ነው፤ ይህ እንቅልፍ የነሳህ ጥያቄ መምጣቱም ለዚሁ ይመስለኛል።

ስለ ስም ካነሳን ሰፈርህ ያለው የጊዮርጊስ ካቴድራል አንድ ታሪክ አለው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንጉሥ ተፈሪ መኮንን የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፤ ዕለቱም የጊዮርጊስ ቀን ነበር። የነገሡበት «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም አዲስ የተፈለገ አይደለም። የክርስትና ስማቸው ነው። በሕፃንነታቸው የተሰጣቸው ስም ዘውድ እስኪጫን ድረስ ጠበቃቸው።

አንድ የሥነ ልቦና ሰው ልጨምርልህ። «የማንነት ቀውስ» የሚለውን አባባል ያስፋፋው ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። የወለደውን አባት አያውቀውም ነበር፤ ያደገው በእንጀራ አባቱ ስም ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ራሱን «ኤሪክሰን» አለ። «የኤሪክ ልጅ» ማለት ነው፤ የራሱ ልጅ! ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። ያ ሁሉ ሊቅነት የሰፈራችን እናቶች ጥያቄ ላይ መጥቶ ቆመ።

አንተ ግን የሚመልስልህ አለ። እንዲህ አድርግ። ስመ ክርስትናህን ጻፍና ትርጉሙን እናትህን ጠይቅ፤ ማን አወጣልህ፣ ለምን? ማታ ስትጸልይ በእሱ ራስህን ጥራ። መጀመሪያ ያስቅሃል፤ ግድ የለም። ንስሐ አባት ከሌለህ ያዝ፤ ስለ ብሔሩም ስለ ጥርጣሬውም ሳትደብቅ ንገራቸው፤ ከአንተ የባሰ ሰምተዋል። ከዚያ የክርስትና አባትህን ፈልግና በዚያ ቀን ምን ብሎ እንደመለሰልህ ይንገርህ።

የት እንደገባ ካላወቅህ በወሩ በ23 ጊዮርጊስ ግቢ ጠብቀው። የፈረሰው ሰፈር ሰው ዛሬም ከገላኑም ከአራብሳውም እየመጣ የሚገናኘው እዚያ ነው። ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አሮጊት እናት ዛፍ ሥር ቆመው አንዱን ባለ ሱፍ ጎልማሳ እጁን ያዙትና «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ሲነግራቸው ነጠላቸውን ሰብስበው አገላብጠው ሳሙት።