ጥያቄና መልስ፦ ታንኩን፣ ጠመንጃውንና ባሕር ሰርጓጁን ማን መረጠው?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በጦርነቱ ዘመን ስለነበሩ መሣሪያዎች የሚጠይቁ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምረን አራቱን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ሲና ነው። አያቴ የጣሊያን ጦር ጣርማ በርን ሲወጣ ያዩ ሰው ነበሩ፤ ታንኮቹ ‹ቁመታቸው ከበሬ አይበልጥም ነበር› ይሉን ነበር። እንደዚያ ያለች ትልቅ መንግሥት ለምን እንዲህ ያለ ትንሽ ታንክ መረጠች?»

መልስ፦ አያትዎ አላጋነኑም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በብዛት ያሰለፈቻቸው ሲቪ 33 እና ሲቪ 35 የተባሉት ታንኮች ክብደታቸው ከ3 ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ የሚይዙትም ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ወደየአቅጣጫው የሚዞር የመድፍ ማማ አልነበራቸውም፤ የሚተኩሱት ከፊት ለፊት በተተከለ መትረየስ ነው። መነሻቸው ካርደን ሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ትንሽ ታንክ ሲሆን፣ ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ጣሊያን ብቻ ሳትሆን ሶቪየት ኅብረትና ፖላንድም እርሱን መነሻ አድርገው የየራሳቸውን ሠርተዋል። የጣሊያን መኮንኖች በዚያን ጊዜ በዋናነት ያስቡት የነበረው በሰሜን ድንበራቸው በአልፕስ ተራሮች ላይ ስለሚደረግ ጦርነት ነው፤ እዚያ ያለው መንገድ ጠባብ፣ ድልድዩም ደካማ ስለነበር ትንሽነቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ብልሃት ቆጠሩት።

ጉድለቱ የታየው እዚህ እኛ አገር ነው። የማይዞር መትረየስ ያለው ታንክ ወደ ጎን ለመተኮስ መላ አካሉን ማዞር አለበት፤ ድንጋያማ በሆነ ጠባብ ስፍራ ደግሞ መዞር አይችልም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የልዑል ራስ ዕምሩ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል በደምበጉይና በር ላይ እነዚህን ታንኮች ሲገጥም፣ ወታደሮቹ በጎንና በኋላ እየተጠጉ ሰንሰለታቸውን በድንጋይ እስከ ማሰናከልና አካላቸውን በእሳት እስከ ማያያዝ ደርሰዋል። ፀረ ታንክ መድፍ የሌለው እግረኛ ታንክ የማረከበት ውጊያ ስለሆነ፣ በታሪክ መጻሕፍታችን ከሚሰጠው ቦታ የሚበልጥ ይገባው ነበር ባይ ነኝ።

አያትዎ ያዩት የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ከ1,700 በሚበልጡ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ነው። ያንን ጦር ጣርማ በር ላይ ያዘገየው የተቆረጠው መንገድ ነበር፤ የፈረሰውን እስኪጠግኑ ድረስ መኪናው ሁሉ ዳገቱ ሥር ተሰልፎ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በእኔ አስተያየት የጣሊያኖቹ ጥፋት ትንሹን ታንክ መምረጣቸው ሳይሆን፣ በገፍ ካመረቱት በኋላ በጊዜው መተካት አለመቻላቸው ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አቆርዳት ላይ ጥቂት የእንግሊዝ ማቲልዳ ታንኮች ሲመጡባቸው፣ የተሻለ ነው ተብሎ የተላከው ኤም 11/39 የተባለው የጣሊያን ታንክ እንኳ ዋናው 37 ሚሊ ሜትር መድፉ ከአካሉ ጋር የተተከለና ወደ ጎን እምብዛም የማይዞር ነበር፤ የማቲልዳ የፊት ብረት ደግሞ 78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው።

ጥያቄ፦ «በመሐል ሜዳ መምህር ነኝ። ሽማግሌዎቻችን ስለ አርበኞች ሲያወሩ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበል፣ ቤልጅግ ይላሉ። መንግሥታችን ከጦርነቱ በፊት አንድ ዓይነት ጠመንጃ መምረጥ ያልቻለው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ በመምረጥ ረገድስ መርጦ ነበር። የክብር ዘበኛና አዲሱ መደበኛ ጦር ከቤልጅግ በተገዛው ማውዘር እንዲታጠቁ ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ ጠመንጃ በየዘመኑ፣ በየመኳንንቱ እጅና በየነጋዴው መንገድ የገባ ስለነበር፣ የውጅግራው ጥይት 11 ሚሊ ሜትር፣ የለበሉ 8፣ የቤልጅጉ ደግሞ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ወደብ ያልነበራት ኢትዮጵያ መሣሪያ የምታስገባው በሌሎች ግዛት አልፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል ይህንን ግዢ ይመራ ነበር። በ1935 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ ራሷ የምታመርተው ጣሊያን ምንም አልጎደለባትም፤ ጉዳቱ የእኛ ብቻ ሆነ።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስልዎ። አሜሪካኖች ጋራንድ የተባለውን በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ሲሠሩ መሐንዲሶቹ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ጥይት መርጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ማክአርተር በመጋዘን የተከማቸው የአሮጌው 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዳይባክን ብለው ውሳኔውን ሻሩት። ጣሊያን ደግሞ ከኢትዮጵያ ጦርነት በኋላ የ6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዋን በ7.35 ለመተካት በ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥይት ማደል ስላልቻለች ወደ አሮጌው ተመለሰች።

ጥያቄ፦ «የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጣሊያን ‹አድዋ› እና ‹ደሴ› የሚባሉ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት የሚባለው እውነት ነው? ጀርመንስ ትንሹን፣ አሜሪካ ትልቁን ባሕር ሰርጓጅ የመረጡት ለምንድን ነው?»

መልስ፦ እውነት ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን ለ17 ባሕር ሰርጓጆች በምሥራቅ አፍሪካ ካሉ ስፍራዎች ስም ሰጠች፤ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ አላጌ፣ ነገሌና ደሴ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ከእኛ ከሸዋ የተወሰደ ስም ግን የለም። ከ17ቱ ጦርነቱን በሕይወት ያለፈችው አላጌ ብቻ ስትሆን፣ ሽሬ በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. ጠላቂዎችን እስክንድርያ ወደብ ደጃፍ አድርሳ ሁለት የእንግሊዝ ታላላቅ የጦር መርከቦችን ለጉዳት ዳርጋለች።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በመጀመሪያ የዚያን ዘመን ባሕር ሰርጓጅ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚኖር አድርገን መገመት የለብንም፤ አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣ ሞተር በውኃው ላይ የሚሄድ፣ ሲያስፈልገው ብቻ ጠልቆ በባትሪ የሚንቀሳቀስ መርከብ ነበር። የጀርመኑ ዓይነት 7ሲ በውኃ ላይ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጠልቆ በዝግታ ሲሄድ ግን ባትሪው የሚያደርሰው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ጀርመን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በተፈረመው የቬርሳይ ውል ባሕር ሰርጓጅ እንዳይኖራት ተከልክላ ስለነበር፣ መሐንዲሶቿ በሆላንድ በተቋቋመ ኩባንያ ስም ለፊንላንድና ለሌሎች አገሮች እየሠሩ ዕውቀቱን ጠበቁ። በሰኔ 1935 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት እንደገና ሲፈቀድላት፣ የተፈቀደው በመርከቦቹ ብዛት ሳይሆን በጠቅላላ ክብደት ነበር፤ ከእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጆች ክብደት 45 ከመቶ። እንግዲህ የተሰፈረ ቶን የተሰጠው ሰው ወይ ጥቂት ትልልቅ ወይ ብዙ ትንንሽ መሥራት አለበት። አዛዡ ዶኒትዝ በማዕበል ላይ የንግድ መርከቦችን ጉዞ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ዓይን ያስፈልጋል ብሎ ስላመነ ወደ መካከለኛው አዘነበለ። 7ሲ ክብደቱ በውኃ ላይ 769 ቶን፣ ሠራተኛው 44 ገደማ፣ ቶርፔዶው (በውኃ ውስጥ እየተጓዘ መርከብ የሚመታው ፈንጂ) 14 ነበር፤ ምቾት የሚባል ነገር አልነበረውም። ያም ሆኖ ጦርነቱ ሲጀመር ጀርመን የነበሯት ባሕር ሰርጓጆች በሙሉ 57 ብቻ ነበሩ፤ ዶኒትዝ የጠየቀው 300 ነበር።

የአሜሪካ ጉዳይ ሌላ ነው። ከፐርል ሃርበር ጃፓን ድረስ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሄዶ፣ ለሳምንታት አድፍጦ፣ ነዳጅ ሳይሞላ መመለስ የሚችል መርከብ ያስፈልግ ነበር። ጋቶ የተባለው ዓይነት 1,525 ቶን የሚመዝን፣ 24 ቶርፔዶ የሚይዝና በአንድ ሙሌት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሆኖ ተሠራ። አየር ማቀዝቀዣም ገባለት፤ አንዳንዶች ቅንጦት ነው ብለው ቢተቹም፣ ከእርጥበት የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ብልሽት የሚከላከለው እርሱ ነበር።

እዚህ ላይ በአጠገባችን የሆነውን አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያን በምፅዋ ከነበሯት 8 ባሕር ሰርጓጆች አንዷ መቀሌ ነበረች። በማቀዝቀዣዎቻቸው ውስጥ ይገባ የነበረው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ሲሆን፣ ሽታው በቀላሉ የማይታወቅ፣ የሰውን አእምሮ የሚያዛባ መርዝ ነው። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ላይ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት ጋዙ በመቀሌ ውስጥ አፈተለከ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸውን ይስቱና ይቃዡ ጀመር፤ መርከቧም አቅጣጫዋን ስታ በፖርት ሱዳን አቅራቢያ ካለች ደሴት ጋር ተላተመች። አንድም የእንግሊዝ ቦምብ አልነካትም። አሜሪካኖቹ በማቀዝቀዣቸው የተጠቀሙት ሰውን የማይመርዘውን ፍሪዮንን ነበር። ስለ መድፍና ስለ ቶርፔዶ ለዓመታት የተከራከሩ ሰዎች ስለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ምን ያህል ደቂቃ እንደተነጋገሩ ማሰብ ያስገርማል።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ቸልተኝነት አላመለጡም። ማርክ 14 የተባለው ቶርፔዶአቸው በበጀት እጥረት በወጉ ሳይፈተን ስለገባ፣ ከተወሰነለት 3 ሜትር ያህል ጠልቆ ይሄድ፣ ዒላማውን ሲመታም ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ይቀር ነበር። ስሕተቶቹ ሁሉ ተለይተው ታርመው ያበቁት በ1943 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያ ግሩም መርከብ ብዙ ጊዜ ከጃፓን ደጃፍ ደርሶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ጥያቄ፦ «ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው። የጀርመን ታይገር ታንክ ከአሜሪካው ሸርማን እጅግ የሚበልጥ ከሆነ፣ ሀብታሟ አሜሪካ ለምን እንደ እርሱ ያለ አልሠራችም?»

መልስ፦ አንድ ለአንድ ከሆነ ታይገር ይበልጣል። ነገር ግን 57 ቶን የሚመዝን፣ ለባቡር ጉዞ ሰፊው ሰንሰለቱ ወልቆ ጠባብ ሰንሰለት የሚገባለት፣ ሲደርስም እንደገና የሚለወጥለት ታንክ ስለነበር ጀርመን የሠራችው 1,347 ብቻ ነው። የአሜሪካ ታንክ ደግሞ ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት፤ የመርከብ ክሬን የሚያነሣው፣ የጦር ሜዳ ድልድይም የሚሸከመው 30 ቶን ገደማ የሆነውን ሸርማንን ስለነበር፣ ከ49,000 በላይ ተሠርቶ ለእንግሊዝና ለሶቪየት ኅብረት ጭምር ታድሏል። ከባዱን ፐርሺንግን አሜሪካኖች ዘግይተው ቢሠሩትም፣ የመጀመሪያዎቹ 20ዎቹ አውሮፓ የደረሱት በጥር 1945 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ጀርመን እጅ የሰጠችው በዚያው ዓመት በግንቦት ነበር።