መልስ፦ የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻን ሥራ ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ልትመደብ እንደሆነ ገልጸህ፣ ሥራው የወንዝ ዳር ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ሰሌዳ ጠዋትና ማታ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሰው ነው። ያንተ ዋና ሥራ ሰሌዳው በሚያሳየው የውሃ ከፍታ ላይ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ መለካት ነው።

ከዳር እስከ ዳር ሜትር ትዘረጋለህ። ወርዱን ከፋፍለህ በየክፍሉ ጥልቀቱን ትለካለህ፤ ከዚያ የፍጥነት መለኪያውን ታጠልቃለህ። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ ከላይ ወደ ታች 60 በመቶው ላይ ይበቃል። ጥልቅ ከሆነ 20 እና 80 በመቶው ላይ ለክተህ አማካዩን ትይዛለህ። የየክፍሉን ስፋት፣ ማለትም ወርዱን በጥልቀቱ፣ በፍጥነቱ አባዝተህ ትደምራለህ።

በበጋ ደብረ ብርሃን ያለው የበሬሳ ወንዝ ውስጥ በቦቲ ጫማ ትገባለህ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ወንዝ ነው። ውሃው ከፈጠነ እንዳትገባ፣ አደራ! ከድልድይ ላይ በገመድ አውርደህ ለካ። የጎርፍ ልኬት አይለፍህ፤ እሱ ከሌለ የትልቁ ውሃ መጠን ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጎርፉ ሲያልፍ ሰሌዳው መዝመሙን እይ። ወለሉም በደለል ተሞልቶ ወይም ተቦርቡሮ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ለካ።

ለልኬት ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ስትወርድ የሚጠጣ ውሃ በደንብ ያዝ፤ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ አይደለም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። እንደደረስክ መጀመሪያ ሰሌዳውን ራስህ አንብብ፣ ከዚያ ከአንባቢው ደብተር ጋር አስተያይ። ልዩነት ካየህ በትህትና ጠይቀው እንጂ ቁጥሩን አትሰርዝበት።