የእናታችንን ጌጥ በምን ሒሳብ እንሽጠው?

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፉ በኋላ ጌጣቸውን ሸጠን ከእህቶቼ ጋር ለመካፈል ተስማምተናል። በእጃችን ያለው ባለ 21 ካራት ነው የሚባል የወርቅ ሐብል፣ ባለ 18 ካራት የወርቅ አምባር፣ አንድ ጥንድ የብር አልቦ፣ እንዲሁም ማርትሬዛ የሚባለው የድሮ የብር ገንዘብ የተንጠለጠለበት የብር ድሪ ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ወርቅ ቤት ወርቁን ባንድነት መዝኖ በ18 ካራት ዋጋ ሰጠኝ፤ ብሩን ግን «ለማቅለጥ ካልሆነ አይፈለግም» አለኝ። ተገቢውን ዋጋ እንዴት ማወቅ እንችላለን?
ጠያቂ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ። በመጀመሪያ፣ ወርቁ ባንድነት ተመዝኖ የተሰጠዎትን ዋጋ እንዳይቀበሉ እንመክርዎታለን። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ፣ ባለ 21 ካራት ጌጥ ከክብደቱ 87.5 በመቶ፣ ባለ 18 ካራቱ ደግሞ 75 በመቶ ንጹሕ ወርቅ አለው። ለምሳሌ ሐብሉ 10 ግራም፣ አምባሩ 6 ግራም ቢመዝን፣ ለየብቻ ሲሰላ 8.75 እና 4.5፣ በድምሩ 13.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይገኛል። ሁሉም በ18 ካራት ከታሰበ ግን የሚከፈልዎት የ12 ግራም ብቻ ነው።

በእርግጥ ሐብሉ 21 ካራት መሆኑ በወሬ ሳይሆን በፍተሻ መታወቅ አለበት። 875 ወይም 750 የሚል ማኅተም ካለው ይረዳል፤ በአገር ቤት የተሠራ አሮጌ ጌጥ ግን ብዙ ጊዜ ማኅተም የለውም። ወርቅ ሠሪው በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶና አሲድ ጠብ አድርጎ የሚያየውን፣ እርስዎ ፊት ለፊት ቆመው ያሠሩት። ከማያያዣው ሳይሆን ከዋናው አካል ላይ ይታሽ፤ ማያያዣውና የተበየደበት ቦታ ካራታቸው ዝቅ ሊል ይችላልና። ማግኔት አለመያዙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነሐስንም ማግኔት አይስበውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በዚያው ዕለት ቢያንስ ሦስት ወርቅ ቤቶችን፣ ከተቻለም ኮምቦልቻ ያሉትን ጨምረው፣ የእያንዳንዱን ካራት የግራም መግዣ ይጠይቁ። የዓለም ገበያን የሚከታተል ዘመድ ካለዎት፣ ዋጋው የሚነገርበት የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም እንጂ እንደ ተራው አውንስ 28.35 ግራም አለመሆኑን ያስታውሱት። እናትዎ የከፈሉት የእጅ ዋጋ ግን በአብዛኛው አይመለስም፤ ገዢው ለማቅለጫና ለትርፉ የሚቀንሰውም ተገቢ ነው፣ ስንት እንደሆነ ለይቶ እስከነገረዎት ድረስ።

ብሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ እንዲያውም የምንሳሳው ለእርሱ ነው። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ሲሆን፣ ይህም 23.4 ግራም ገደማ ነው። የቀድሞ ብር ሠሪዎች ጌጥ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ገንዘብ አቅልጠው ስለነበር፣ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት 200 ግራም አልቦ ከ166 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ሊኖረው ይችላል። ይህ የብረቱ ዋጋ ነው፤ ከዚህ በታች አይውረዱ። ደህና ሆኖ የቆየ የእጅ ሥራ ደግሞ እንደ ጌጥ ለሚፈልገው ሰው ከዚያ በላይ ያወጣል፤ ስለዚህ ለሚያቀልጥ ሳይሆን የባህል ጌጥ ለሚሸጥ ነጋዴ ያሳዩት። በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማንጣቱ የዕድሜ መልኩን ያጠፋዋልና ይተዉት። ሳንቲሙ ላይ ያለው 1780 ለዕድሜው ምስክር አይሆንም፤ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት።

ገዢው ወደ ውጭ የሚወስደው ከሆነ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ይወቁ። ሽያጩ ሲፈጸም የእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት፣ ካራትና ዋጋ በየራሱ መስመር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ እህቶችዎም ሒሳቡን የሚያዩት ከዚያው ላይ ነው።