ደም አለመፍራትና ፈጣን እጅ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። «የሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ትምህርት ልጀምር ነው፤ ደም አያስፈራኝም፣ እጄም ፈጣን ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ነው ያልሽው። እኔ በዚህ ሥራ፣ ኦፕሬሽን ላይ መሣሪያ እያዘጋጀሁ ለሰርጅኑ (ለቀዶ ሐኪሙ) በማቀበል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ሳልቆጥብ ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የደሙን ነገር ተይው። የሚፈራም ሰው በጊዜ ይለምደዋል። አብረውኝ ከተማሩት ልጆች አንዷ በመጀመሪያው ቀን እዚያው ራሷን ስታ ወድቃለች፣ ዛሬ የልብ ኦፕሬሽን ላይ ነው የምትሠራው። የእጅ ፍጥነትም ቢሆን እየቆየ ይመጣል። እንዲያውም እኔ ያየሁት ገና ሲጀምሩ የሚጣደፉት ናቸው ቶሎ በመርፌ የሚወጉት።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ማንም ሳያይሽ «አበላሽቻለሁ» ማለት መቻል ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የሆድ ኦፕሬሽን ላይ ነበርን። አራት ሰዓት ያህል ቆመናል። ክላምፕ (ደም ሥር የሚይዝ መቆንጠጫ) ላቀብል እጄን ስዘረጋ የጓንቴ ጫፍ ስቴራይል ያልሆነ፣ ማለትም ከጀርም ያልጸዳ ነገር ነካ። የነካ መሰለኝ ብል ይሻላል። ሰርጅኑ ዓይናቸው ቁስሉ ላይ ነው፣ ረዳታቸው ሁለት እጁ ተይዟል፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ሞኒተሩን ያያል። አንድም ሰው አላየኝም። «ነክቷል? አልነካም?» እያልኩ ከራሴ ጋር የተሟገትኩት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከዚያ «ጓንቴን አበላሽቻለሁ፣ ልቀይር» አልኩ። ሰርጅኑ በረጅሙ ተነፈሱ። ደስ አላላቸውም፣ ግን ጠበቁኝ። በእጄ የነበረውንም ክላምፕ ከጠረጴዛው አወጣነው። ጓንት መቀየር አፍታ ነው፣ ቁስሉ ኢንፌክሽን ከያዘ ግን ያ የተኛው ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ ሊቀር፣ አልፎም እንደገና ሊከፈት ይችላል። ደንቡን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ትማሪዋለሽ፤ ከተጠራጠርሽ፣ እንደተበከለ ቁጠሪው። ሰው ሁሉ ያውቃታል። ደክሞሽ፣ ሁሉም ተቻኩሎ፣ ትልቅ ሰው ፊት ቆመሽ መፈጸሟ ነው ከባዱ።

ቆጠራም እንደዚሁ ነው። ጎዝ (ደም የሚመጠጥበት ስስ ጨርቅ)፣ መርፌና መሣሪያ ኦፕሬሽኑ ሳይጀመር ይቆጠራል፣ ሆድ ሊዘጋ ሲል ይቆጠራል፣ ቆዳ ሲሰፋ እንደገና ይቆጠራል። በመሃል ሰው ከተቀየረም ይቆጠራል። ከሰርኩሌቲንግ ነርሷ፣ ከጠረጴዛው ውጭ ሆና ከምታግዘው ነርስ ጋር ሁለታችሁም እያያችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ነው። አንድ ቀን 20 ጎዝ መሆን ሲገባው 19 ሆነብን። ደገምን፣ አሁንም 19። «ተሳስታችሁ ነው የቆጠራችሁት፣ ልዝጋው» ተባልኩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ «ቆጠራው አልሞላም፣ ይቅርታ፣ አይዘጋ» አልኩ። ወለሉን አየን፣ ባልዲውን ገለበጥን። በመጨረሻ ከሌላ ጎዝ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። በደም የራሰ ጎዝ እንደዚያ ነው፣ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ስትቆጥሪ አንድ በአንድ ገልጠሽ ካላየሽ ያታልልሻል። ሆድ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከሥጋው ለመለየት ያስቸግራል። ጎዙ ላይ በኤክስሬይ የሚታይ ክር የሚገባበትም ለዚሁ ነው፤ ቆጠራው እምቢ ካለ ፎቶ ይነሳል። ያን ቀን የተናገረኝ ሰርጅን በኋላ ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት አለ፣ ትማሪዋለሽ። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት፣ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ተብሎ ይጠየቃል። በሁለተኛው ላይ ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል። አንዳንዱ ለይስሙላ ያደርገዋል፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዴ አፍሽን ከከፈትሽ፣ በኋላ «ቆይ፣ አንድ ነገር ልክ አይደለም» ማለት ይቀልሻል።

ቀጥሎ ቀድሞ ማሰብ ነው። ዓይንሽ ቁስሉ ላይ፣ እጅሽ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ደም ሥሩ በሁለት ክላምፕ ከተያዘ ቀጥሎ መቀስ ነው፣ ከመቀሱ ቀጥሎ ክር ነው። እጅ ሲዘረጋ መቀሱ መዳፉ ላይ ጠበቅ ብሎ ማረፍ አለበት፣ ሰርጅኑ አንገቱን ቀና ሳያደርግ እንዲጠቀምበት። ለስለስ አድርገሽ ካስቀመጥሽው ይንሸራተታል። ስለት ግን ሌላ ነው፤ ቢላውን በሳህን ላይ አድርገሽ መሃል አስቀምጪ፣ እሱ ያንሳው፣ ሲጨርስም እዚያው ይመልሰው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አታገኚውም። እኔ ማታ ማታ ኦፕሬሽኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ እወጣው ነበር፣ «አሁን ምን ይጠይቀኛል?» እያልኩ። ዛሬም አዲስ ዓይነት ኦፕሬሽን ሲመጣ አደርገዋለሁ።

ጉልበትም ያስፈልግሻል፣ ያለ እረፍት ረጅም ሰዓት መቆም ነው። ምግብ ሳትበዪ አትግቢ። ጥሩ ጫማ ግዢ፣ ጀርባሽን ጠብቂ።

ቁጣም ይኖራል። ደም አልቆም ሲል ሰው ይጮሃል፣ ያን ወደ ቤትሽ አትውሰጂው። ስድብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ኦፕሬሽኑ ካለቀ በኋላ ረጋ ብለሽ መናገር መብትሽ ነው፣ ተናገሪ።

ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ከቻልሽ የምታውቂው ባለሙያ ካለ ጠይቂና፣ ፈቃድ ተገኝቶ አንድ ኦፕሬሽን ቆመሽ እዪ። ሁሉም ቁስሉን ነው የሚያየው፤ አንቺ መሣሪያ የምታቀብለዋን እጅ ተከታተዪ፣ በተለይ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ደክሞ መውጣት ሲፈልግ፣ እሷ ጎዙን እንዴት እንደምትቆጥር። ያንን ስታዪ «እኔም እንደዚህ ልሁን» ካሰኘሽ ተመዝገቢ። የገረመሽን ነገር እዚሁ ጻፊልኝ፣ እመልስልሻለሁ።